በሩ ላይ መሠዊያ ካለበት ምግብ ቤት ልብላ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ለትምህርት ቻይና፣ ጓንዡ ነው ያለሁት። ከዶርማችን ፊት ለፊት ኑድልና በሸክላ ድስት የሚበስል ሩዝ የሚሸጥ ትንሽ ቤት አለ። ርካሽ ስለሆነ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ምሳ የምንበላው እዚያ ነው። ግን በሩ ጋ መሬት ላይ ቀይ መብራት ያለው መሠዊያ አለ። ጠዋት ጠዋት ዕጣን ያጨሱበታል፣ ብርቱካን ይደረድሩበታል። እዚያ ስበላ ለጣዖት የተሠዋ መብላቴ ነው? ረቡዕና ዓርብስ እንዴት ልሁን? ደግሞ አንድ ወንድም «ሸክላ የነካውን ይይዛል፣ ኦሪት ይሰበር ነው የሚለው» ብሎ አስፈራኝ፤ ድስቱ ቀኑን ሙሉ አሳማ ሲበስልበት ነው የሚውለው።

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ ወንድሜ። ከመሠዊያው ልጀምር፣ እንቅልፍ የነሳህ እሱ ይመስለኛል።

የቆሮንቶስ ክርስቲያኖችም የተቸገሩት በዚሁ ነበር። ከገበያ የሚገዙት ሥጋ በጣዖት ቤት በኩል አልፎ የመጣ ሊሆን ይችል ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 10 ለይቶ ነገራቸው፦ ከገበያ የገዛችሁትን፣ የማያምን ሰውም ጠርቷችሁ ያቀረበላችሁን ሳትመራመሩ ብሉ፤ «ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው» የሚላችሁ ካለ ግን ተዉት። ስለዚህ ባለቤቱ ለገበያው ይቅናው ብሎ በሩ ላይ ዕጣን ስላጨሰ ያንተ ሩዝ መሥዋዕት አይሆንም። ብርቱካኑ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዕጣኑ ነዶ ሲያልቅ ፍሬውን አንስተው መብላት፣ ለሰው ማካፈልም የተለመደ ነው። ደንበኛ ነህና አንድ ቀን በደግነት ቢያቀብሉህ ፈገግ ብለህ «ይቅርብኝ» በል። ሰውየውን አታስቀይም፣ ስብከትም አትጀምርበት።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ስለሆነ። በቡድሃ መቅደሶች ግቢ ውስጥ ሥጋ የሌለበት ምግብ የሚቀርብባቸው ቤቶች አሉ። ለጾም ገላገለኝ ብለህ ትሮጥ ይሆናል። ሐዋርያው በምዕራፍ 8 በጣዖት ቤት በማዕድ ስለ መቀመጥ የተናገረውን አንብብና ከዚያ ወስን። እኔን ከጠየቅኸኝ፣ ሳህኑ የጾም ቢሆንም አልሄድም።

ወደ ድስቱ ስንመጣ፣ ወንድማችን ጥቅሱን አግኝቷል፣ ቦታውን ግን ስቷል። ዘሌዋውያን 11 የሚናገረው እንደ አይጥና እንሽላሊት ያለ ርኩስ ፍጥረት ሞቶ ስለ ወደቀበት ዕቃ ነው፤ ምዕራፍ 6 ደግሞ የኃጢአት መሥዋዕት ስለ ተቀቀለበት። እኛ ዛሬ በዚያ ሕግ ድስት አንሰብርም። እናቶቻችን የጾሙን ድስት ከፍስኩ የሚለዩት ለጥንቃቄ ነው፣ መልካም ልማድም ነው፤ አንተ ግን የቻይናውን ሰውዬ ድስት ለይልኝ ማለት አትችልም። ከታጠበ በቃ።

ይልቅ የሚያሳስበኝ ውስጡ ያለው ነው። ያ ሩዝ ሲበስል አይተህ ታውቃለህ? ውኃውን መጦ ሊጨርስ ሲል የአሳማ ቋሊማውን ቆርጠው ከላይ ይደረድሩና ይከድኑታል፤ ስቡ እየቀለጠ ወደ ሩዙ ይወርዳል፣ ከሥር ይዞ ኩርሽም የሚለው ያ የሚወደድ ክፍል ሳይቀር በዚያ ስብ ነው የሚጠበሰው። እና «ቋሊማውን አንስቼ እበላለሁ» የሚባለው ራስን መሸንገል ነው። ደግነቱ ብዙውን ጊዜ ድስቱ ለአንድ ሰው ከጥሬው ስለሚጣድ ሳይጀምሩ መናገር ትችላለህ። እንጉዳይ፣ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራው እንደ አይብ ያለ) እና ጎመን ብቻ አድርጉልኝ በል።

ኑድሉም ያታልላል። ያ ቢጫው ቀጭኑ በእንቁላል የሚለወስ ነው፤ መረቁ ከአሳማ አጥንት፣ ከደረቅ ዓሣና ከሽሪምፕ ይወጣል። ሥጋ ስላላየህ ጾም አይሆንም። ከሩዝ የተሠራውን ነጩን ኑድል በውኃ ቀቅለው በሶያ ሶስ (በአኩሪ አተር ማጣፈጫ) እንዲሰጡህ ጠይቅ። በፍስክ ቀንም ቢሆን ሾርባው ውስጥ ጉበት የሚመስል ጥቁር ቀይ ለስላሳ ቁራጭ ካየህ የረጋ የአሳማ ወይም የዳክዬ ደም ነው። እዚህ ላይ ድርድር የለም፤ ሐዋርያት በሥራ 15 ከደም ራቁ ብለዋል።

አጠያየቁም ብልሃት ይፈልጋል። እኔ ራሴ በዚያ አገር ሳልፍ ጎመን አዝዤ «ሥጋ አለው?» ብል «የለውም» አሉኝ። ሁለት ጉርሻ ከበላሁ በኋላ ከቅጠሉ ሥር እንደ በርበሬ ፍሬ የደቀቀ አሳማ አገኘሁ። አልዋሹኝም፤ ያንን እንደ ማጣፈጫ እንጂ እንደ ሥጋ አይቆጥሩትም። «ዎ ቺ ሱ» በላቸው፣ ከሥጋ የምታቀብ ነኝ እንደ ማለት ነው። ከቡድሃ እምነት ተከታዮች በየጨረቃ ወራቸው 1ኛና 15ኛ ቀን ከሥጋ የሚከለከሉ ስላሉ ቃሉ እንግዳ አይሆንባቸውም። ግን እንቁላልን ላይከለክልልህ ይችላል፣ እሱንና የአሳማ ስቡን፣ ከባሕር ቀንድ አውጣ መሰል እንስሳ የሚሠራውን የኦይስተር ሶሱንም ለይተህ ተናገር። ጽፈህ ስልክህ ላይ ብታስቀምጠው ይቀላል።

ሥጋ ሥጋ ሲልህ ደግሞ ሙስሊሞች የሚሠሩት፣ በቻይናዋ ላንዡ ከተማ ስም የሚጠራ የላንዡ ኑድል ቤት ይኖራል፣ እዚያ አሳማ የለም። ስለ ዕርዱ ግን የኛን ልማድ ታውቃለህ፣ የንስሐ አባትህን በስልክም ቢሆን ጠይቅ።

የቀረው ሰዓቱ ነው። ጓደኞችህ ምሳ የሚወጡት ልክ በስድስት ሰዓት ነው። ረቡዕና ዓርብ አብረሃቸው ውጣ፣ አትበላም እንጂ መጫወት ማን ከለከለህ? ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ብቻህን ተመለስ። ያን ጊዜ ወረፋው ስለሚቀንስ አብሳዩም የእንቁላልና የስብ ጥያቄህን ሳይቆጣ ይሰማሃል፤ ድስቱ እስኪበርድልህም አባታችን ሆይ ደግመህ ታማትባለህ።