ወደ ሳይክል ለመመለስ ላሰባችሁ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን «ሳይክሌን አውጥቼ ቦርጬን ላጥፋ» የሚል መልእክት በዝቶብኛል። ለሁሉም በግል መመለስ ስላልቻልኩ ዛሬ እዚሁ ጠይቁኝ። ሐኪም አይደለሁም። ለረጅም ዓመታት የነዳሁና ሳይክል የምጠግን ሰው ነኝ። ስለ ዳገት፣ ስለ ኮርቻ፣ ስለ ጉልበት በደንብ እመልሳለሁ። ስለ ዋጋ አትጠይቁኝ፤ በየሳምንቱ ይለዋወጣል። ከመጀመራችን በፊት ግን አንድ ማሳሰቢያ፦ ፍሬን ሳታዩ ቁልቁለት አትውረዱ።

ከአራት ኪሎ፦ ጋሼ፣ ተማሪ እያለሁ በደንብ እነዳ ነበር። አሁን 34 ዓመቴ ነው፤ 92 ኪሎ ገብቻለሁ። ባለፈው እሁድ ከመስቀል አደባባይ ወደ ቤቴ ስወጣ ሂልተን ጋ ትንፋሼ ቁርጥ አለ። ወርጄ ገፋሁት። ዕድሜ ነው ወይስ ሳንባ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገና ልጅ ነህ፤ ዕድሜን ተወው። የምትኖረው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። በየትንፋሹ የምታገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያነሰ ነው። እዚሁ ተወልደን ስላደግን ደረጃ ስንወጣ አይታወቀንም። 92 ኪሎ ይዘህ ዳገት ስትገፋ ግን ወዲያው ይታወቅሃል።

አሁን ልጠይቅህ። በየትኛው ማርሽ ነበር የወጣኸው? አልነገርከኝም፤ ግን መገመት አያቅተኝም። ከረጅም ጊዜ በኋላ የሚመለስ ሰው ሁሉ በድሮው ማርሽ ይወጣል፤ ጭንቅላቱ የሚያስታውሰው የድሮውን ጉልበት ነው። ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ከፊት ትንሹን ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁን ጥርስ አስገባ። ዳገቱ መሀል ላይ በጉልበት እየረገጥክ ማርሽ ብትቀይር ሰንሰለቱ ይዘላል፤ ሊበጠስም ይችላል። እግርህ በደቂቃ ከ70 እስከ 80 ጊዜ ይዙር። ፍጥነትህ የእግረኛ ቢሆንም አትፈር። ሰው ምን ይለኛል ብለህ ከባድ ማርሽ ከያዝክ ሂልተን ጋ ትቆማለህ።

መለኪያህ ወሬ ይሁን። እየነዳህ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻልክ ልክ ነህ። «አዎ»፣ «አይ» ብቻ ከሆነ የሚወጣህ ቀንስ። የመጀመሪያውን ወር ከዚህ በላይ አትሂድ። ዳገቱንም ለጊዜው ተወውና ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ ያለውን መንገድ ያዝ፤ ከወደ ላይኛው ከተማ ጋር ሲተያይ ለጥ ያለ ነው። በሳምንት 3 ወይም 4 ቀን፣ 30 ደቂቃ። እሁድ ብቻ 3 ሰዓት ነድቶ ስድስት ቀን መተኛት ግን ጉልበት ከማሳመም በቀር ጥቅሙ ትንሽ ነው።

ከሜክሲኮ፦ በ1 ወር ስንት ኪሎ እቀንሳለሁ?

መልስ፦ የምትበላውን ሳላውቅ አልመልስም። ሂሳቡን ግን ልስጥህ። 1 ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው መካከለኛ በሆነ ፍጥነት 1 ሰዓት ቢነዳ ከ400 እስከ 600 ካሎሪ ያቃጥላል። አካፍለው። አንድ ኪሎ ስብ 15 ሰዓት የመንዳት ያህል ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሳይክል ብቻውን አይበቃም፤ ሳህኑም መቀነስ አለበት።

ከቸርችል ጎዳና፦ እኔ ችግሬ ጉልበቴ ነው። ከፊት ለፊት፣ ከሎሚዋ ሥር ያመኛል። ስነዳ ይብሳል፤ ስተወው ይሻለኛል። ሳይክሉ የወንድሜ ነው። ልተወው ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳትተዪው! ጥያቄሽ ውስጥ መልሱ አለ፦ ሳይክሉ የወንድምሽ ነው። ኮርቻውን ለራስሽ አስተካክለሻል?

እዚህ ከተማ የማያቸው ነጂዎች አብዛኞቹ ኮርቻቸው ዝቅ ያለ ነው። ቁጭ ብለው ሁለት እግራቸው መሬት እንዲነካ ይፈልጋሉ፤ ሲቆሙ መውደቅ ይፈራሉ። ኮርቻ ዝቅ ሲል ጉልበት በየዙሩ ከመጠን በላይ ይታጠፋል። ታጥፎ ሲገፋ ደግሞ ጫናው በሙሉ ሎሚው ላይ ይሆናል። ይህን በደቂቃ 70 ጊዜ ስትደጋግሚው ነው የሚያምሽ።

አሁን ሳይክሉን ግድግዳ አስደግፊና ውጪበት። የምትነጂበትን ጫማ አድርጊ። ተረከዝሽን ፔዳሉ ላይ አድርጊና ፔዳሉን ወደ ታችኛው ጫፍ አውርጂው። እግርሽ ቀጥ ማለት አለበት። ከታጠፈ ኮርቻው ዝቅ ብሏል። ተረከዝሽ ፔዳሉን ካልደረሰበት ወይም ዳሌሽ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ከፍ ብሏል። ልኩ ሲገኝ የእግርሽን ፊተኛ መዳፍ ፔዳሉ ላይ ስታደርጊ ጉልበትሽ ትንሽ ብቻ ይታጠፋል። የሚፈለገው ያቺ ትንሽ እጥፋት ናት። ኮርቻውን በአንዴ ብዙ አታንሺው፤ ትንሽ ትንሽ እያልሽ ነድተሽ ሞክሪው። የኮርቻው ብረት ላይ የተቀረጸ መስመር አለ፤ ያ መስመር ከቱቦው ውጭ እንዳይታይ።

ከፊት ካመመ አብዛኛውን ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ብሏል፤ ከኋላ ካመመ ከፍ ብሏል። በከባድ ማርሽ መንዳትም የፊቱን ሕመም ያባብሳል። አስተካክለሽ፣ በቀላል ማርሽ ለሁለት ሳምንት ነድተሽ ካልተሻለሽ፣ ወይም ጉልበትሽ ካበጠ፣ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ከስታዲየም፦ ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። ሀገራችን የሯጭ ሀገር ናት። ጫማ አድርጎ መስቀል አደባባይ መውጣት እያለ ኮርቻ፣ ሰንሰለት፣ ማርሽ ምን ያደርጋል? ሩጫ ቶሎ ያከሳል።

ከፒያሳ፦ 92 ኪሎ ሰው መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ልታስሮጥ ነው? ጉልበቱን ማን ይከፍለዋል?

ከስታዲየም፦ ቀስ ብሎ ይጀምራላ። ሳይክል ላይ ቁጭ ብሎ ቦርጭ አይጠፋም።

ከፒያሳ፦ ጽጋቡ ግርማይ ቦርጭ አለው እንዴ? ቢንያም ግርማይስ?

ከስታዲየም፦ እነሱ ፕሮፌሽናል ናቸው፣ ምን አገናኘው! ደግሞ ቢንያም ኤርትራዊ ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም በቃችሁ። ለእኩል ደቂቃ ሩጫ ብዙውን ጊዜ የበለጠ ካሎሪ ያቃጥላል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ሯጭ በየእርምጃው የሰውነቱን ክብደት ደጋግሞ ያሳርፋል። ሳይክል ላይ ክብደቱን የሚሸከመው ኮርቻው ነው። ለዚህ ነው ከባድ ሰው በሳይክል ጀምሮ፣ ቀለል ሲል ሩጫ ቢጨምር ይሻላል የምለው። «የሯጭ ሀገር» ለሚለው ደግሞ፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሄድ፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልበርን፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ልካለች። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን ሲነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ሳይክል እዚህ እንግዳ አይደለም። አሁን ወደ ጥያቄ እንመለስ።

ከለገሃር፦ ምን ዓይነት ሳይክል ልግዛ?

መልስ፦ የት ልትነዳ? ቁመትህ ስንት ነው? ምን ያህል ርቀት? ይህን ይዘህ ተመለስ።

ከስድስት ኪሎ፦ ዕድሜዬ 61 ነው። ደም ግፊት አለብኝ፤ አቴኖሎል እወስዳለሁ። ልጄ የልብ ምት የሚለካ ሰዓት ገዝቶልኛል። ስንት ላይ ላቁም?

መልስ፦ አባቴ፣ ቁጥሩን ከእኔ አይውሰዱ። አቴኖሎል የልብ ምትን ዝቅ ስለሚያደርግ በዕድሜ የሚሰላው ቀመር ለእርስዎ አይሠራም። ሰዓቱ ዝቅተኛ ቁጥር እያሳየ እርስዎ ደክመው ሊሆን ይችላል። ከመጀመርዎ በፊት የሚከታተልዎትን ሐኪም ያማክሩ። እሱ ከፈቀደልዎ ለጥ ባለ መንገድ፣ እያወሩ መንዳት በሚችሉበት ልክ ብቻ። ደረትዎን ከጨመቀዎ፣ ካዞረዎ ወይም ከወትሮው የተለየ ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ወዲያው ያቁሙና ሕክምና ይሂዱ። ቤትዎ ስድስት ኪሎ ስለሆነ መመለሻው ዳገት ነው። ሲወርዱ ነድተው፣ ሲመለሱ ገፍተው ቢወጡ ምንም ነውር የለውም።

ከአምባሳደር፦ በባዶ ሆድ ጠዋት መንዳት ስብ ያቃጥላል ይባላል። በጾም ደግሞ እስከ 9 ሰዓት አልበላም። ጥሩ አጋጣሚ አይደለም?

ከፒያሳ፦ እኔ በባዶ ሆድ ነው የምነዳው፤ ለውጥ አለው።

ከአራት ኪሎ፦ እኔ ሞክሬ ዓይኔ ጨለመብኝ።

መልስ፦ በባዶ ሆድ ሲነዳ ሰውነት በዚያ ሰዓት ከስብ ላይ ትንሽ ጨምሮ ይጠቀማል፤ እውነት ነው። ክብደት የሚወስነው ግን የሳምንቱ ጠቅላላ ነው። ሲገባ ተርቦ ድርብ የሚበላ ሰው ምንም አላተረፈም። ቀለል ላለ 30 ደቂቃ ባዶ ሆድ ችግር የለውም። ረዘም ላለ ጉዞ ወይም ለዳገት ግን ቅመስ። በጾም ከሆነ መንዳቱን ወደ መብያ ሰዓት አስጠጋው፤ ወርደህ ወዲያው ትበላለህ።

ስኳር ያለባችሁ፣ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የምትወስዱ፣ በባዶ ሆድ በፍጹም አትንዱ። ስኳራችሁ መንገድ ላይ ሊወርድ ይችላል። ከረሜላ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር።

ጾም ስለተነሳ ልጨምር። የጾም ምግብ ሁሉ ያከሳል ማለት አይደለም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ሽሮው ላይ ተንሳፍፎ የምታዩት ዘይት፣ ሳምቡሳው፣ ፓስቲው ይቆጠራሉ። ምስሩን አትቀንሱ፤ ዘይቱን ቀንሱ።

ከካዛንቺስ፦ ሦስት ሳምንት ነዳሁ፤ ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። ተስፋ ቆርጫለሁ።

መልስ፦ ሚዛኑን ተወውና ወገብህን ለካ። የልብስ ሰፊ ሜትር በቂ ነው። እምብርትህ ላይ አዙረው፣ ጠዋት ሳትበላ፣ በ2 ሳምንት አንዴ። ከረጅም ዕረፍት በኋላ ስትጀምር ጡንቻ ስኳርና ውሃ ያጠራቅማል፤ ስብ ቢቀንስም ሚዛኑ ላያሳይ ይችላል። ሌላው ምክንያት መካስ ነው። «ዛሬ ነድቻለሁ» ብሎ ማታ የሚጨመረው ጠርሙስና ሥጋ ጠዋት የተቃጠለውን ይመልሰዋል። ሁለቱንም አይተህ ንገረኝ። የድሮው ዳገት ከቀለለህ ደግሞ አካልህ እየተለወጠ ነው፤ እንዳታቆም።

ከፖስታ ቤት፦ ጋሼ በ1 ወር ስንት ኪሎ ይቀንሳል?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። እባካችሁ እያነበባችሁ ጠይቁ። የሁላችሁም ጥያቄ እንዲደርስ ነው።

ከብሔራዊ፦ ሚኒባስ በጣም ነው የምፈራው። ሴት ብቻዋን ስትነዳ ደግሞ ይጮሁባታል። የት ልንዳ?

መልስ፦ ፍርሃትሽ ትክክል ነው። በኮሪደር ልማቱ በታደሱት ዋና መንገዶች ዳር የሳይክል መስመር ስላለ በእሱ ጀምሪ። እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል መንገዱ ጭር ይላል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው የ«መንገድ ለሰው» ቀን ሲኖር ደግሞ አትቅሪ፤ መኪና የለም፣ ሕዝብ ነው የሚወጣው። ከቆመ ሚኒባስ ቢያንስ 1 ሜትር ራቂ። ረዳቱ በሩን ሲከፍት አያይሽም፤ ተሳፋሪውም ዘሎ ነው የሚወርደው። ለጩኸቱ መልስ አትስጪ። ከቻልሽ ሁለት ሆናችሁ ውጡ። ክረምት ላይ ውሃ የተኛበት ቦታ አትግቢ፤ ከሥሩ ጉድጓድ ይኑር አይኑር አይታይም።

ከማዘጋጃ ቤት አካባቢ፦ እኔ ዳገት አያስቸግረኝም። በቸርችል ወደ ለገሃር እወርዳለሁ፤ ሲወርድ ደስ ይላል። ፍሬኑ ትንሽ ይንጫጫል እንጂ ይይዛል።

መልስ፦ ይኸው! ይህንን ነው ከመጀመሪያው የምለው። ዛሬውኑ አትውረድበት። መያዣውን ጨምቀው። መሪውን እስኪነካ ከመጣልህ ሽቦው ላልቷል። ከዚያ ጎንበስ ብለህ የፍሬን ጎማውን እይ። ላዩ ላይ የተቦረቦሩ መስመሮች አሉት። መስመሮቹ ከጠፉ ጎማው አልቋል፤ ቀጥሎ የሚነካው ብረት ብረቱን ነው። መንጫጫቱ ቆሻሻ ሊሆን ይችላል፤ ማለቅም ሊሆን ይችላል። ሳታይ አታውቅም።

ስትወርድ ፍሬኑን ያለማቋረጥ ጨብጠህ አትቆይ፤ ይግላል፣ መያዙም ይደክማል። ያዝ፣ ልቀቅ፣ ያዝ፣ ልቀቅ። ሁለቱንም ተጠቀም። የበለጠ የሚያቆመው የፊቱ ነው፤ በድንገት ከጨበጥከው ግን በመሪው ላይ ያሻግርሃል። ሰውነትህን ወደ ኋላ አድርግ። ዝናብ ከሆነ ከፊትህ ካለው መኪና ያለህን ርቀት እጥፍ አድርገው። ሄልሜት ሳታደርግ ቸርችልን እንዳትወርድ። ከእንጦጦ የምትወርዱም እንዲሁ፤ አናቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ቁልቁለቱ ረጅም ነው።

ከለገሃር፦ ተመለስኩ ጋሼ። ቁመቴ 1.75 ነው። ከለገሃር አራት ኪሎ ሥራ ቦታ መመላለስ እፈልጋለሁ። አስፋልት ነው፤ መጨረሻው ላይ ትንሽ ኮብልስቶን አለ። ያገለገለ ነው የምገዛው።

መልስ፦ እንዲህ ሲጠየቅ ደስ ይላል። ማውንቴን ባይክ ግዛ፤ ቀላል ማርሹ ለአራት ኪሎው ዳገት ያስፈልግሃል። ጎማውን ግን ለስላሳ አስፋልት ጎማ አስቀይረው፤ ጥርስ ያለው ጎማ ጉልበትህን ይበላል። ለቁመትህ መካከለኛ መጠን ይሆናል፤ እግርህን አንፈራጥጠህ ስትቆምበት ከላይኛው ብረትና ከአንተ መካከል ጥቂት ክፍተት ይኑር። ከመክፈልህ በፊት ጎማዎቹን አንስተህ አዙር፤ እየተወላገደ የሚዞር ከሆነ ተጠንቀቅ። ብረቱ የተገናኘባቸውን ቦታዎች በጣትህ ዳሰው፤ ስንጥቅ ወይም አዲስ ብየዳ ካገኘህ ተወው። ማርሾቹን ሁሉ ከአንድ እስከ መጨረሻው ቀያይረህ ንዳው። ፍሬኑን ራስህ እየው። ገዝተህ ስትመጣ በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ሥራ በታክሲ ሂድ፤ ሳይክሉን ማታ ማታ ለጥ ባለው መንገድ ተለማመደው።