ባለቆቧ ሲኒ

ባለፈው እትም ስለ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ሲኒዎች አንዲት አንቀጽ ጽፌ ነበር። «ሲኒ» ያልኩት የቡናዋን ሳይሆን ሽቦውን ከብረት ምሰሶው ለይታ ያንጠለጠለችውን፣ መሐንዲሶች ኢንሱሌተር የሚሏትን ነው። ደብዳቤው ከጠበቅሁት በላይ መጣ፤ ሦስቱን መረጥሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ኮለምበስ፣ ኦሃዮ ነው። እሑድ እሑድ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ሜዳ አንዲት ቡናማ ሲኒ በ15 ዶላር ገዛሁ። ከላይ የብረት ቆብ አላት፤ ከሥሯ የብረት ዘንግ ወጥቷል። «ኦ» እና «ቢ» የሚሉ የላቲን ፊደላት፣ 15000 እና 7500 የሚሉ ቁጥሮች፣ ራቅ ብሎ ደግሞ 54 ተጽፎባታል። ዕድሜዋ ስንት ይሆን? ባለቤቴ ደግሞ ገልብጣ ዕጣን ልታጤስባት አስባለች።

መልስ፦ ከባለቤትህ ልጀምር። እህቴ፣ እባክሽ ፍም እንዳታደርጊባት። ሸክላውን ከቆቡና ከዘንጉ ጋር አጣብቆ የያዘው ሲሚንቶ ነው። ብረት፣ ሸክላና ሲሚንቶ በሙቀት እኩል አይለጠጡም፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይሰነጠቃል። ምሰሶ ላይም ብዙ አሮጌ ሲኒ የሚሞተው እንዲሁ ነው። ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ቁር፤ ሲሚንቶውም እርጥበት እየጠጣ ከዓመት ዓመት ያብጣል። ስንጥቁ ቆቡ ውስጥ ስለሚደበቅ ከውጭ ሲያዩዋት ምንም አልሆነችም። 31 ዓመት መስመር ላይ ስሠራ የምፈራው የተሰበረችዋን ሳይሆን ይህችን ደህና መሳይ ነበር።

ወዳንተ ስመለስ፣ ፊደሎቹ የኦሃዮ ብራስ ምልክት ናቸው። በ71 አውራ ጎዳና ወደ ክሊቭላንድ ስትሄድ የምታልፋት ማንስፊልድ የኩባንያው መነሻ ናት፤ ሸክላው ይሠራ የነበረው ደግሞ አክረን አጠገብ ባርበርተን ነው። እንግዲህ ሲኒህ ያገርህ ልጅ ባትሆን የሰፈርህ ልጅ ናት። 15000ው ፓውንድ ነው፤ በእኛ ሂሳብ 68 ኩንታል። ኤሌክትሪክ ተለቆባት እየተጎተተች እስከዚያ መቻል አለባት። 7500ው ግማሹ ነው፤ እያንዳንዷ ከፋብሪካ ሳትወጣ በዚያ ልክ ተጎትታ ትፈተናለች። የአሜሪካኖቹ የጥራት ደረጃ የሠሪው ምልክት፣ የጥንካሬው ልክና የተሠራችበት ዓመት እንዲጻፍባት ያዝዛል፤ ስለዚህ 54ን እኔ 1954 ብዬ ነው የማነበው። በእኛ 1946 ወይም 47 መሆኑ ነው። ያኔ የቆቃ ግድብ ገና አልተሠራም።

ጤንነቷን ለማወቅ እናቶቻችን ጀበና ሲገዙ የሚያደርጉትን አድርግ። አንጠልጥለህ ያዝና ጠርዟን በሳንቲም ኳ አድርጋት። ጥርት ብላ ከጮኸች ሸክላዋ ደህና ነው፤ ድፍን ድምፅ ከሰጠች ተሰንጥቃለች። (የቆቡን ውስጥ ግን ጆሮ አይደርስበትም፤ እሱን እኛ ሜገር በሚባል የኤሌክትሪክ መፈተሻ መሣሪያ ነበር የምንለካው።) አምስት ኪሎ ያህል ስለምትመዝን እግርህ ላይ እንዳትጥላት። እኔ ጥዬ አውቃለሁ።

ዋጋዋን በተመለከተ አልተታለልክም፤ አትርፌያለሁም አትበል። ልጄን ልጠይቅ እዚያው ኦሃዮ መጥቼ በነበረ ጊዜ እንዲህ ያለ ሜዳ ዞሬያለሁ። ሰብሳቢዎቹ ኪሳቸውን የሚፈቱት ለቴሌግራፍና ለስልክ ዘመን ባለቀለም የመስታወት ሲኒዎች ነው። እነዚያ ትንንሽ ናቸው፣ መስኮት ላይ ተደርድረው ፀሐይ ሲያገኛቸው ያምራሉ። የአንተዋ አይነት ከባድ፣ ቡናማና እንደ ልብ የሚገኝ ስለሆነ ጠረጴዛ ሥር ነው የሚጣል። እኔ ጎንበስ ብዬ ጠረጴዛ ሥር ሳይ ልጄ አፍራብኝ ነበር።

ጥያቄ፦ ጋሽዬ፣ የአዳማ ተማሪ ነኝ። አዲስ አበባ ስመላለስ ከመኪና መስኮት መስመሮቹን አያለሁ። መስመሩ ስንት ቮልት እንደሆነ በዓይን ይታወቃል? አንዳንዶቹ ሲኒዎች ደግሞ ለምን አረንጓዴ ይሆናሉ? መሐላቸው እንደወለቀ ጥርስ የጎደለ ያለውስ ለምንድን ነው?

መልስ፦ ይታወቃል፣ ቁጠር። በአንድ ረድፍ 3 ወይም 4 ሲኒ ካየህ 45 ኪሎ ቮልት ገደማ ነው፤ ከ9 እስከ 11 ከሆነ 132፤ ከ14 እስከ 16 ከሆነ 230፤ ከ20 ካለፈ 400 ወይም ከዚያ በላይ ነው በል። አንድ ሁለት ከፍና ዝቅ ቢል አትደንግጥ። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ብልጭታን የመከልከል አቅሙ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ደጋ ላይ የሚዘረጋ መስመር ከቆላው የበለጠ ሲኒ ሊጠይቅ ይችላል። ቆቃ በ1952 ዓ.ም. በ43.2 ሜጋ ዋት ሥራ ሲጀምር ኃይሉ ወደ አዲስ አበባ የወጣው በ132 ነው። ከዚያ አካባቢ ተነስተህ ብትለማመድ ጥሩ ነው።

አረንጓዴዎቹ መስታወት ናቸው። መስታወቱ በጣም ከጋለ በኋላ ፊቱ በነፋስ በድንገት እንዲቀዘቅዝ ስለሚደረግ እንደ መኪና የጎን መስታወት ጠንካራ ነው፤ ከተሰበረ ግን አይሰነጠቅም፣ አንዴ ፍርክስክስ ብሎ ይረግፋል። ጉቶው ቆቡ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይቀርና ሽቦውን ይዞ ይቆያል። ያ የወለቀ ጥርስ ያልከው እሱ ነው። ለመስመር ሠራተኛ ይህ ትልቅ ውለታ ነው፤ የሞተችው የትኛዋ እንደሆነች መሬት ላይ ቆሞ በመነጽር ይለያል። ሸክላዋ ግን ሞታም አትናገርም። የሰባሪው ነገር ከተነሳ አብዛኛውን ጊዜ ወንጭፍ የያዘ እረኛ ነው። እኔም በልጅነቴ አንዷን ሞክሬያታለሁ፤ ደግነቱ ሳትኩ።

ሲሰበር በአዲስ ይተካል፤ መጋዘን የተገኘው ሁሉ ከቀድሞው ጋር አይመሳሰልም። ከአረንጓዴዎቹ መሐል አንዲት ቡናማ፣ ወይም ከቡናማዎቹ መሐል አንዲት ግራጫ ካየህ የመስመሩን የጥገና ታሪክ አየህ ማለት ነው። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምሰበስበው ይህንን ነው። ደብተር አለኝ፤ የምሰሶውን ቁጥር፣ የሲኒዎቹን ብዛትና ቀለም እጽፋለሁ። መስመሩ በሚታጠፍበት ቦታ ያሉትን ምሰሶዎች ምረጥ። እዚያ ሲኒዎቹ ስለሚተኙ ሆዳቸው ይታያል፤ ሆዳቸው ላይ ያለው ክብ ክብ ሸንተረር ከሠሪ ሠሪ ይለያያል። ጠዋት ፀሐይን ከጀርባህ አድርገህ ራቅ ብለህ ቁም። ምሰሶው ላይ እንዳትወጣ፣ የተበጠሰ ሽቦ ካየህም አጠገቡ እንዳትደርስ። በጋው አልቆ የመጀመሪያዋ ካፊያ ስትወርድ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ብትሰማ አትሽሽ፤ የበጋው አቧራ ረጥቦ ትንሽ ኃይል በላዩ እየሾለከ ነው። ዝናቡ ሲበረታ አጥቦት ይሄዳል።

ጥያቄ፦ አባባ፣ ምናለሽ ተራ አንድ ቁራሌው የዕንቁላል ቅርጽ ያላት፣ መስቀለኛ ሁለት ቀዳዳ የተበሳች ነጭ ሸክላ አሳየኝ። የከፍተኛ መስመር ሲኒ ናት አለኝ። እውነት ነው? ልግዛት?

መልስ፦ አይደለችም። እሷ የእንጨት ምሰሶን ከጎን ወጥሮ በሚይዘው ሽቦ መሐል የምትገባ ናት። ግን የከፍተኛ መስመሯ አያት ዘመድ ናት፣ ስለዚህ አትናቃት። ድሮ ሲኒ ምሰሶው ላይ ቆማ ነበር የምትሠራው። ቮልቱ ባደገ ቁጥር እሷም ታድጋለች፤ 60 እና 70 ሺህ ቮልት ላይ ሲደርሱ እንደ ገንቦ ገዝፋ አስቸገረች። በ1907 እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ሂውሌትና ሃሮልድ በክ የተባሉ አሜሪካውያን መሐንዲሶች ነገሩን ገለበጡት፤ ሲኒዎቹን እንደ መቁጠሪያ አያይዘን እናንጠልጥል፣ ቮልት ሲጨምር አንድ ዶቃ እንጨምር አሉ። በዓመቱ ሚሺጋን ውስጥ ከክሮተን ግድብ ወደ ግራንድ ራፒድስ 110 ሺህ ቮልት ተላከ።

የሂውሌት ሲኒ ቆብ የላትም። ሸክላዋ ውስጥ ሁለት ጠማማ ቀዳዳዎች ሳይገናኙ ይተላለፋሉ፤ በአንዱ የላይኛው ገመድ፣ በሌላው የታችኛው ገመድ ይዞራል። ሸክላው ድቅቅ ቢል እንኳ ሁለቱ ገመዶች እንደ ተቆላለፉ ክንዶች ይያያዛሉ፣ ሽቦው አይወድቅም። የአንተ ዕንቁላልም የምትሠራው በዚሁ ብልሃት ነው፤ ጣትህን በሁለቱም ቀዳዳ ብታስገባ ይገባሃል።

መግዛቱን ግን ሻጩን ጠይቅ። ከየት እንዳመጣት ከነገረህና ደረሰኝ ከጻፈልህ ግዛ፤ ካንገራገረ ተዋት። በተለይ አዲስ የሚያብረቀርቅ ቆብ ያላት ወይም የምሰሶ ብረት አብሯት የተቀመጠ ከሆነ ዞር በል። የመስመር ንብረት መስረቅ በአዋጅ ቁጥር 464/1997 ያስጠይቃል፤ የተሰረቀ መግዛትም ጣጣ አለው። ከገዛሃት ፎቶዋን ላክልኝ፤ መጠኗን እንዳውቅ ከጎኗ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጥ።