የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሃንቦክ (የኮሪያ ባህላዊ ልብስ) ከቤተ መንግሥት እስከ ኬ-ፖፕ መድረክ

ጥያቄ፦ «የኬ-ፖፕ ቡድኑ ብላክፒንኮች እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ‹ሃው ዩ ላይክ ዛት› የሙዚቃ ቪዲዮ ላይ የለበሱት እውነት ሃንቦክ ነው? ጓደኛዬ ‹ተቆራርጦ ያለቀ ነገር ሃንቦክ አይባልም› ትለኛለች።» — ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ዝርያው ሃንቦክ ነው። ከልብሶቹ የተወሰኑት የተሠሩት ዳንሃ በተባለ የኮሪያ ብራንድ ነው። ሮዝ ቀለም ያለው ጃኬት የተወሰደው ዶፖ ከሚባለው የጆሶን (የቀድሞው የኮሪያ ሥርወ መንግሥት) ዘመን ወንዶች ረጅም መደረቢያ ሲሆን በጣም አሳጥረውታል። ጓደኛዎን ያስከፋት ማጠሩ ከሆነ ግን ታሪኩ አይደግፋትም። ጆጎሪ የሚባለው የሴቶች የላይ ልብስ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወገብን አልፎ ይወርድ ነበር፤ በጆሶን ዘመን ማብቂያ ደግሞ ጡትን በቅጡ የማይሸፍን እስኪሆን ድረስ አጠረ። ያኔም ፋሽን ይለዋወጥ ነበር።

እኛ ከርዝመቱ ይልቅ አሠራሩን እናያለን። ጆጎሪው ሲደረብ የለባሿ ግራ ጎን ከላይ ይሆናል፤ ጨርቁ ዝርግ ሆኖ ይቆረጣል እንጂ ጡትና ወገብ ላይ ተቆንጥጦ አይሰፋም፤ የቀሚሱ ስፋት የሚመጣውም ከሽንሽኑ ነው። እነዚህ ካሉ ጨርቁ ጂንስም ቢሆን መሠረቱ አይጠፋም። ከሌሉ ግን በተራ ጃኬት ላይ ጥልፍና ጥብጣብ መለጠፍ ብቻ ይሆናል፤ ብዙ ፋሽን ቤቶች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ፓሪስ ላይ ሥራዋን ያቀረበችው ዲዛይነር ሊ ያንግ-ሂ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ጆጎሪውን ትታ ቺማውን (ቀሚሱን) ብቻ በባዶ ትከሻ አልብሳ መድረክ ላይ አወጣች። ግማሹን ትታም ልብሱ ሃንቦክነቱን አልሳተም፤ ምክንያቱም አሠራሩን አልነካችውም።

ጥያቄ፦ «በድራማ የማየውን ሰፊ ቀሚስ ከሸሚዝ ጋር የሚለበስ ጉርድ አድርጌ መስፋት እፈልጋለሁ። አንዴ ሞክሬ ወገቤ ላይ ተነፋፍቶ ወፍራም አስመሰለኝ። ወገቤ 70 ሴንቲ ሜትር ነው።» — ከሐዋሳ

መልስ፦ ኮሪያ ውስጥ ይህ ጉርድ «ሆሪ ቺማ» እየተባለ በሰፊው ይለበሳል። የተነፋፋብዎት በሁለት ምክንያት ይመስለናል። አንደኛው፣ ጨርቁን በክር ስበው ሸብሽበውት ይሆናል፤ ሃንቦክ ግን አይሸበሸብም፣ ወደ አንድ አቅጣጫ በተኙ ጠፍጣፋ ሽንሽኖች ነው የሚሰፋው። ሁለተኛው የጨርቁ ብዛት ነው። ዋናው ቺማ ከጡት በላይ ስለሚታሰር ስፋቱ ወደ ታች ነፃ ሆኖ ይወርዳል። ያንኑ ያህል ጨርቅ ወገብ ላይ ሲያስሩት ዳሌ ላይ ይከመራል።

ወርዱ 140 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ስስ ጥጥ ወይም ሊነን 2 ሜትር ይበቃዎታል። ጥጥና ሊነን ስለሚሸመቀቁ ከመቁረጥዎ በፊት ይጠቡት። ከዚያ ወርዳቸው 135፣ ቁመታቸው 82 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች ያውጡ፤ አልቆ ርዝመቱ ወደ 75 ይመጣል። ሁለቱን በ1.5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ይጋጥሟቸውና ግራና ቀኝ ጠርዙን 3.5 ሴንቲ ሜትር በመውሰድ ሁለት ጊዜ አጥፈው ይዘምዝሙት። የሚቀርዎት ስፋት 260 ነው። ይህን 40 ሽንሽን ያድርጉት፦ እያንዳንዱ 6.5 ሴንቲ ሜትር ይወስዳል፣ 2.5ቱ ከላይ ይታያል፣ 4ቱ ከሥር ይታጠፋል። ሲያልቅ 100 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ትርፉ 30 ጉርዱ የሚደራረብበት ነው፣ ከዚህ ካነሰ ሲቀመጡ ይከፈታል።

ብዙ ሰው የሚበላሽበት ልኬቱ ላይ ነው። በእያንዳንዱ ሽንሽን 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢስቱ 40ው ላይ 8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ አስቀድመው ጨርቁን በየ65፣ ቀበቶውን በየ25 ሴንቲ ሜትር በጠመኔ ምልክት ያድርጉና በየምልክቱ መካከል 10 ሽንሽን መግባቱን ያረጋግጡ። ሽንሽኑን ከላይ ጠርዝ 1 ሴንቲ ሜትር፣ ከዚያም 4 ሴንቲ ሜትር ወርደው በጊዜያዊ ስፌት ይያዙት። ካውያ የሚነካው ይህን የላይኛውን ክፍል ብቻ ነው፤ እስከ ታች ከተኮሱት የተማሪ ዩኒፎርም ይመስላል። ቀበቶው 103 በ9 ተቆርጦ ይሰፋል። ሁለቱም ጫፍ ላይ 95 ሴንቲ ሜትር የሆነ ማሰሪያ ይኑረው፤ ከውስጥ የሚውለው ማሰሪያ እንዲወጣበት ደግሞ ጎን ላይ እንደ ቁልፍ ቤት ያለ ቀዳዳ ይተዉለት። ጨርቁ ወፍራም ከሆነ ሽንሽኑን አሳንሰው ስፋቱን 200 ላይ ያቁሙት።

ጥያቄ፦ «ሃንቦክ በስጦታ ደረሰኝ። የደረቱን ጥብጣብ እንደ ጫማ ክር ሳስረው ይንሻፈፋል።» — ከዋሽንግተን ዲሲ

መልስ፦ ጎሩም የሚባለው ይህ ጥብጣብ የሚኖረው ጆሮ አንድ ብቻ ነው። ረጅሙን በግራ፣ አጭሩን በቀኝ እጅዎ ይያዙ። አጭሩን በረጅሙ ላይ ያሻግሩትና ከሥሩ አዙረው ወደ ላይ ይሳቡት። አሁን በአጭሩ ቀለበት ይሥሩ፣ ረጅሙን ደግሞ እጥፍ አድርገው በቀለበቱ ውስጥ ያስገቡና ያጥብቁ። ጆሮው ወደ ግራዎ ይተኛል፣ ሁለቱ ጫፎች ወደ ታች ይወርዳሉ። መንሻፈፉ ካልቀረ ቋጠሮው ውስጥ ጥብጣቡ ተጠማዟል ማለት ነው፤ ፈትተው ዝርግ አድርገው ይድገሙት። አንገትጌው ላይ ያለችው ነጭ ጠንካራ ጠርዝ ስትቆሽሽ ልብሱን በሙሉ አይጠቡ፤ በላላ ስፌት የተያዘች ስለሆነች ተፈትታ በአዲስ ትተካለች።

ጥያቄ፦ «ለሥልጠና ሶል እሄዳለሁ። ሃንቦክ ለብሶ ቤተ መንግሥት በነፃ መግባት እውነት ነው?» — ከአዳማ

መልስ፦ እውነት ነው። ጊዮንግቦክጉንግ ቤተ መንግሥት የአዋቂ መግቢያው 3,000 ዎን ሲሆን ሃንቦክ የለበሰ አይከፍልም። ላይና ታች ሁለቱም መሟላት አለባቸው፤ ጆጎሪ በጂንስ ለብሰው ቢሄዱ ያስከፍሉዎታል። ማክሰኞ ዝግ ስለሆነ ቀኑን ቀድመው ያስቡበት። በዙሪያው ካሉት አከራዮች ሲወስዱ ሽቦ ያለውን የውስጥ ጉርድ ትተው የጨርቁን ይጠይቁ፤ የጥንቱ ስፋት ከተደራረቡ የውስጥ ልብሶች የመጣ ነው፣ በሽቦው ደግሞ ባቡር ውስጥ መቀመጥ ያስቸግራል።