«ቲቸር፣ መልሱ ምንድን ነው?»

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነኝ። ግጥም ወይም አጭር ልቦለድ አስነብቤ «ምን ተሰማችሁ?» ስል ክፍሉ ጭጭ ይላል። ትንሽ ቆይቶ አንዱ «ቲቸር፣ መልሱ ምንድን ነው? እንጻፈው» ይለኛል። ባለፈው ደግሞ ተቃራኒው ገጠመኝ። ከረጅም ጉዞ ተመልሶ የገዛ ቤቱ በር ላይ ከቆመ በኋላ ሳያንኳኳ ስለሚሄድ ሰው የሚያወራ ታሪክ አነበብን። አንዷ ተማሪ «ሰውየው አባቴን ነው የሚመስለው» ብላ ጀመረችና ስለ አባቷ ብዙ አወራች። እኔ ምን እንደምል ጠፋኝና «ጥሩ፣ አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ» ብዬ አለፍኳት። ከዚያ ወዲህ እጇን አውጥታ አታውቅም። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት? ደግሞስ ሁሉም የመሰለውን ከተናገረ ማርክ በምን ልሰጥ ነው?

መልስ፦ መምህር፣ ከልጅቷ ልጀምር፤ ደብዳቤዎን ካነበብኩ ጀምሮ ከሐሳቤ አልወጣ አለችኝ።

«ወደ ታሪኩ እንመለስ» ሲሏት ከታሪኩ ወጥታለች ማለትዎ ነበር። አልወጣችም እኮ። ሌላው ሰውየው ለምን እንዳላንኳኳ ሲገምት፣ እሷ በር ላይ ቆሞ መመለስን ታውቀዋለች። የጎደለችው አንዲት ጥያቄ ናት፦ «የቱ ዓረፍተ ነገር ላይ ስትደርሺ ነው አባትሽ ትዝ ያለሽ?» ይህቺ ጥያቄ ልጅቷን አታሳፍርም፣ ታሪኩንም አታስረሳም። እንበል «እጁን አነሳና መልሶ ኪሱ ከተተው» የሚለው ላይ ነው ብላ መለሰች። በቃ፣ ክፍሉ በሙሉ ያቺን ዓረፍተ ነገር ይፈልጋል። እጁን ለምን ኪሱ ከተተ? ፈርቶ ነው? አፍሮ? ወይስ በርዶት? ከኋላ አንዱ «ተናዶ ነው» ይላል፣ ሌላዋ «ከየት አመጣኸው?» ትለዋለች፣ እሱም እልህ ይዞት ገጹን ወደ ኋላ ያገላብጣል። ይኼኔ እርስዎ ወንበርዎ ላይ ቁጭ ብለው ቢሰሙ ይሻላል።

አሜሪካዊቷ የሥነ ጽሑፍ ምሁር ሉዊዝ ሮዘንብላት ከ1938 ጀምራ ስትሟገትለት የኖረችው ነገር ይኸው ነው። የጽሑፍ ትርጉም ወረቀቱ ላይ ብቻ ወይም አንባቢው ውስጥ ብቻ ተቀምጦ አይጠብቅም፣ ሁለቱ ሲገናኙ የሚፈጠር ነው ትላለች። ሁለት ዓይነት ንባብም ለይታለች። አንደኛውን ለማስረዳት ልጇ መርዝ የጠጣባትን እናት ታነሳለች። እናትየው የጠርሙሱን ጽሑፍ የምታነበው ማርከሻውን ፈልጋ ነው፤ የቃላቱ ውበት ምኗም አይደለም። ሁለተኛው ንባብ ግን እያነበቡ ውስጡ መኖር ነው። እንግዲህ እኛ በየክፍሉ ምን እናደርጋለን? ግጥም እንሰጥና «ጭብጡን ጻፉ፣ ገጸ ባሕርያቱን ዘርዝሩ» እንላለን። ልጆቹም እንደዚያች እናት ማርከሻ ፍለጋ ይሮጣሉ። ከዚያ ዞረን «ምን ተሰማችሁ?» ስንላቸው ግራ ቢገባቸው ምን ይገርማል!

ዝምታውም ከዚሁ የመጣ ነው። ለዓመታት የተማሩት ነገር ቢኖር መምህሩ ሰሙን ለእነሱ ሰጥቶ ወርቁን በኪሱ ይዞ እንደሚገባ ነው። ታዲያ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ወርቁ ሰሌዳ ላይ መጻፉ ላይቀር ምን አስለፈለፋቸው? ጠብቆ መገልበጥ ይቀላል።

«ምን ተሰማችሁ?» ራሱ፣ አይቀየሙኝና፣ ከባድ ጥያቄ ነው። ጓደኛ ፊት ማን ስሜቱን ይዘረግፋል? መጀመሪያ ሦስት ደቂቃ ዝም ብለው ይጻፉ። ግር ያላቸውን፣ ያናደዳቸውን፣ የሰለቻቸውንም ጭምር። «የቱ ጋ ሰለቸህ?» በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ደፍረው ይጠይቁት። ከዚያ ለጎረቤታቸው ያንብቡ፤ ክፍሉ በሙሉ የሚያወራው ከዚያ በኋላ ነው። ሲጠይቁ ደግሞ ይታገሱ። ሜሪ በድ ሮው የምትባል ተመራማሪ በሳይንስ ክፍሎች ውስጥ ሰዓት ይዛ ብታይ፣ መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ወደ ሦስት ሰከንድ ከፍ ሲል የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ሳይጠሩ የሚናገሩትም በዙ። ሦስት ሰከንድ ሲያወሩት ትንሽ ነው፣ ጸጥ ያለ ክፍል ፊት ሲቆሙ ግን ዓመት ይሆናል።

አሳዛኙ ቦታ ላይ የሚስቁትንም አይቆጡ። ሳቅም ምላሽ ነው። አንዳንዴ ልጁ የሚስቀው ስለነካው ነው፣ አንዳንዴ ደራሲው አጋኖበት ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ዝም ብሎ ጓደኛው ነካክቶት ነው። ሳይጠይቁ አያውቁትም።

አሁን ወደ ማርኩ። ስጋትዎ ይገባኛል፤ «ሁሉም ልክ ነው» የሚል ክፍል እኔም አልወድም። በእንግሊዝ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ መምህር የነበረው አይ. ኤ. ሪቻርድስ ግጥሞችን የገጣሚውን ስም ደብቆ ለተማሪዎቹ ይሰጥና አስተያየታቸውን በጽሑፍ ይቀበል ነበር። ውጤቱን በ1929 ሲያሳትመው ብዙዎቹ ግጥሙ የሚለውን ነገር እንኳ በቅጡ እንዳልተረዱ ታየ። ከቃላቱ ጋር የማይገናኝ የራሳቸውን ትዝታ የጫኑበት ነበሩ፤ «እናት» ወይም «ሞት» የሚል ቃል ባዩ ቁጥር ከመደርደሪያ የሚወርድ የተዘጋጀ ስሜት የነበራቸውም ነበሩ። እንግዲህ የተማሪው ምላሽ መነሻ ብቻ ነው። «ሰውየው ሰካራም ነው» ያለ ተማሪ ጽሑፉ ውስጥ አንዲት ቃል ካላሳየ አላሳየም፤ ይንገሩት። ማርኩን የሚሰጡት ከእርስዎ ሐሳብ ጋር ስለተስማማ ሳይሆን ከየት እንዳነሳው ስላሳየ፣ የጓደኛውን ሐሳብ ሰምቶ የራሱን ስላሻሻለ ነው። የመጀመሪያዋን የሦስት ደቂቃ ወረቀት ግን ማርክ አይስጡባት። ማርክ የሸተታት ቀን እውነት መጻፍ ያቆማሉ።

ልጅቷን በግል ያግኟት። ረጅም ንግግር አያስፈልግም፦ «ያን ቀን ቶሎ አለፍኩሽ፤ የቱ ዓረፍተ ነገር እንደሆነ ሳልጠይቅሽ» ይበሏት። መናገር ካልፈለገች ይተዋት።

ጥያቄ፦ ልጄ ልቦለዱን ሳታነብ ሾርት ኖት ብቻ አጥንታ ፈተናውን ደፈነችው። ልቆጣት ወይስ ላመስግናት?

መልስ፦ እሷን ይተዋት፣ ችግሩ ፈተናው ላይ ነው። ሳይነበብ የሚደፈን ፈተና ያወጣ ሰው አንብቡ ቢል ማን ይሰማዋል? ይልቅ ማታ መጽሐፉን ያንሱና ከመሃል አንድ ገጽ ጮክ ብለው ያንብቡላት። ልክ ነገሩ ሊጦዝ ሲል ያቁሙ። ሰበብ ፈልገው ወደ ሌላ ክፍል ይሂዱ፤ መጽሐፉን ግን እዚያው ይተውት።