«ባቡሩ» ያልነው «ባሕሩ» ሆኖ ሲገኝ

ጥያቄ፦

የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ተወልጄ ያደግኩትም ሆነ ዛሬ የምኖረው አዳማ ነው፤ ዕድሜዬ ሃምሳ ስድስት ሲሆን የሦስት ልጆች እናት ነኝ። በ1978 ዓ.ም. የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ ከጓደኛው ተውሶ ቤታችን ውስጥ የቀዳው አንድ ካሴት ነበር። የአሳታሚ ሽፋን ስላልነበረው ከደብተር ላይ ወረቀት ቆርጦ «ልዩ ልዩ» ብሎ ጽፎ ከተተበት፤ የዘፋኞቹን ስም ግን አንድም ቦታ አላሰፈረም። በሁለተኛው ገጽ ሦስተኛ ተራ ላይ ያለውን ዘፈን እኔና እኅቶቼ ክሩ እስኪሳሳ ድረስ ሰምተነዋል፤ ልብስ ስናጥብም ሆነ ቡና ስንወቅጥ ከአፋችን አይጠፋም ነበር። በአዝማቹ ላይ ዘፋኟ «ባቡሩ» እያለች ወዳጇን ከወሰደባት ነገር ጋር ስትሟገት እሰማ ነበር። ቤታችን ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም ስለማይርቅ ዘፈኑ ለእኛ ሰፈር የተዘፈነ ይመስለኝ ነበር።

ይህን ዘፈን በኢንተርኔት መፈለግ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። የእኅቴ ልጅ «ባቡሩ» የሚለውን ቃል በስልኩ እየጻፈ ቢፈልግልኝም ያገኘነው ስለ ባቡር የተዘፈኑ ሌሎች ዘፈኖችን ብቻ ነው። ዘፈን ለይቶ ያውቃል የተባለውን መተግበሪያ ካሴቱን ብናሰማውም አላወቀውም። ወንድሜን ብጠይቀው እንኳን የዘፋኟን ስም፣ እንዲህ ያለ ካሴት መቅዳቱንም እንደማያስታውስ ነገረኝ። ባለፈው መስከረም ግን ቡና እየቆላሁ ስልኬ የድሮ ዘፈኖችን በራሱ እያከታተለ ሲያሰማ የመግቢያውን ሳክስፎን ሰማሁ፤ ቡናው እስኪያር ድረስ ከቆምኩበት አልተንቀሳቀስኩም።

ደስታዬ ግን ሙሉ አልሆነም። የዘፋኟ ድምፅ እኔ ከማውቀው ይቀጥናል፤ ዘፈኑም ይፈጥናል። ከሁለተኛው አዝማች በኋላ የሚመጣው ረዥም ፉጨት፣ ከእሱም ቀደም ብሎ በር ሲከፈት የሚመስለው ሲጢጥታ የሉበትም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ዘፋኟ የምትለው «ባቡሩ» ሳይሆን፣ በጣም ግልጽ ሆኖ፣ «ባሕሩ» ነው። ፖስታ ቤት አካባቢ የድሮውን ቴፓችንን ላስቲክ አስቀይሬ ካሴቱን እንደገና አጫወትኩት፤ ዘፈኑ በካሴቱ ላይ 4 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ይፈጃል፤ በስልኩ ላይ ግን 4 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነው። ያገኘሁት ያንኑ የእኔን ዘፈን ነው ወይስ በሌላ ጊዜ የተቀዳ ሌላ ነው? መተግበሪያውስ ለምን አላወቀውም? ካሴቴን ኢንተርኔት ላይ ብለቀው ጥፋት ይሆንብኛል?

ስሜ ይቆይ፣ ከአዳማ

መልስ፦

የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ቡናዎ ማረሩ ይቅር የሚባል ነው። ሰዓት ይዘው መለካትዎ ደግሞ የሥራዬን ግማሽ አቅልሎልኛል።

4 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ 267 ሰከንድ ሲሆን 4 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ደግሞ 256 ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ የካሴቱ ዘፈን በስልኩ ላይ ካለው ከ4 በመቶ ጥቂት በሚበልጥ መጠን ይረዝማል። የካሴት ክር ከሚገባው በታች ቀስ ብሎ ሲሄድ ዘፈኑ መርዘሙ ብቻ ሳይሆን ድምፁም አብሮ ይወፍራል። በኦርጋን ላይ ከአንዱ ቁልፍ ቀጥሎ ወዳለው ቁልፍ የሚደረገው፣ ሙዚቀኞች ግማሽ ድምፅ የሚሉት እርምጃ፣ የ6 በመቶ ያህል የፍጥነት ልዩነት ነው፤ የእርስዎ ካሴት ዘፋኟን የሚያወርዳት የዚህን እርምጃ ሦስት ሩብ ያህል ነው። ይህ መጠን የአንዲትን ወጣት ድምፅ የጎልማሳ ሴት ድምፅ ለማስመሰል በቂ ነው። «ይቀጥናል» እና «ይፈጥናል» ያሏቸው ሁለት ነገሮች እንግዲህ ምክንያታቸው አንድ ነው፤ እርሱም የፍጥነት ልዩነት ነው።

ዘፈኑ ያው የመጀመሪያው ቅጂ መሆኑን በቀላሉ ማረጋገጥ ይችላሉ። የመግቢያውን ሳክስፎን ብቻ ለይተው በሁለቱም ላይ ይለኩት፤ በስልኩ ላይ 30 ሰከንድ ከፈጀ በካሴቱ ላይ 31 ሰከንድ ከትንሽ መሆን አለበት፤ በሌሎቹም ክፍሎች ልዩነቱ በዚያው መጠን ከተገኘ ቅጂው አንድ ነው። ዘፋኝ አንድን ዘፈን በሌላ ጊዜ ሲዘፍነው የትንፋሹ ቦታም ሆነ የመሣሪያው አገባብ እንዲህ ተካክሎ አይመጣም። በ1970ዎቹ በካሴት የወጡ ብዙ ዘፈኖች እንደ ሮሃ፣ ኢትዮ ስታርና ዳህላክ ባሉ ሙሉ ባንዶች የታጀቡ ነበሩ፤ በኋላ ዳግም ሲቀዱ ግን ብዙዎቹን ያጀቧቸው ኪቦርድና የከበሮ ማሽን ስለሆኑ ልዩነቱ ለማንም ጆሮ ይገለጣል። እርስዎ ደግሞ ዘፈኑን የለዩት በሳክስፎኑ ነው።

ከሁለቱ ትክክለኛው ፍጥነት የቱ ነው ለሚለው፣ እኔ የምጠረጥረው የእርስዎን ካሴት ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የካሴት ክር በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር እንዲሄድ ተወስኖ የተሠራ ነው፤ ይሁንና የቴፑ ላስቲክ ሲላላ ወይም ድንጋዩ ሲደክም ከዚህ በታች ይወርዳል። የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ እያሰጣን፣ ድንጋይ ለመቆጠብም ካሴቱን በቢክ እስክሪብቶ እያጠነጠንን ያደግን ሰዎች ዘፋኝ በዘፈኑ መካከል ሲያንቀላፋ መስማት አዲስ ነገር አይሆንብንም። ከጓደኛ የመጣው ካሴት ሲጫወት የነበረበት ቴፕ በዚያ ቀን ደክሞ ከነበረ፣ ወንድምዎ የቀዱት ቅጂ ያንን ድካም እንደያዘ ይቀራል፤ ዛሬ ላስቲክ ቢቀየር አያቃናውም። መጀመሪያ ግን ዛሬ የሚያጫውቱበት ቴፕ ራሱ እንደማይዘገይ፣ ርዝመቱ ሽፋኑ ላይ የተጻፈበትን ሌላ የአሳታሚ ካሴት አጫውተው ያረጋግጡ። ከዚያ በኋላ የእኅትዎ ልጅ የመሣሪያ መቃኛ መተግበሪያ በስልኩ ላይ ይጫን። ክራርና መሰንቆ በዘፋኙ ድምፅ ልክ ይቃኛሉ፤ ኦርጋን ግን ከፋብሪካው ተቃኝቶ ስለሚመጣ ከዓለም አቀፉ መቃኛ፣ ማለትም በሰከንድ 440 ጊዜ ከሚርገበገበው ድምፅ፣ እምብዛም አይርቅም፤ የባንዱ ሳክስፎንም ከእርሱ ጋር ይስማማል። መቃኛው በትክክል የሚያርፍበት ቅጂ ትክክለኛው ነው፤ በሁለት ድምፆች መካከል የሚዋልለው ደግሞ ፍጥነቱ የተዛባው ነው።

አሁን ወደ ፉጨቱ ልምጣ፤ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ ያስነበበኝ እርሱ ነው። በዚያ ዘመን ሁለት ካሴት የሚይዝ ቴፕ ያለው ቤት ጥቂት ነበር። ሌላው ሰው ሁለት ቴፕ ፊት ለፊት ያስቀምጥና አንዱ እየዘፈነ ሌላው በራሱ ማይክሮፎን እንዲሰማው ያደርግ ነበር። ባለ 60 ደቂቃ ካሴት ለመቅዳት አንድ ሰዓት ሙሉ ስለሚፈጅ ያን ያህል ጊዜ ቤተሰቡ ሁሉ ዝም እንዲል ይታዘዛል፤ ከውጭ የሚመጣውን ድምፅ ግን ማንም አያዝዘውም። በካሴትዎ ላይ በር ሲጢጥ ይላል፤ ጥቂት ቆይቶ ረዥም ፉጨት ይሰማል፤ በስልኩ ላይ ደግሞ ሁለቱም የሉም። ከጅቡቲ ተነሥቶ በድሬዳዋና በአዳማ አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው መሥመር በ1978 ዓ.ም. ሥራ ላይ ነበር፤ ቤትዎም ከጣቢያው አይርቅም ብለዋል። የፉጨቱ ምንጭ የዘፈኑ ሙዚቀኞች ሳይሆኑ በሩ ሲከፈት የገባው የአዳማ ባቡር ነው። ፉጨቱ ከከበሮው ምት ጋር እንደማይገጥም ልብ ብለው ቢያዳምጡ ይህንኑ ያገኙታል።

«ባሕሩ» ለምን «ባቡሩ» ሆኖ እንደተሰማዎ የሚገባን ከዚህ በኋላ ነው። «ሕ» ትንፋሽ ናት፤ ጉልበቷም ትንሽ ነው። በቴፕ ድምፅ ማጉያ ወጥቶ፣ ክፍሉን አቋርጦ፣ በሌላ ቴፕ ትንሽ ማይክሮፎን የገባ ዘፈን መጀመሪያ የሚያጣው እንዲህ ያለውን ስስ ድምፅ ነው፤ የባሱና የከበሮው ድምፅ ግን ብዙም አይጎዳም። በየቀኑ መጫወቱና «ሄድ» የሚባለው፣ ክሩን የሚያነበው የቴፑ ክፍል መቆሸሽ ደግሞ የቀረውን ይጨርሳሉ። ዘፋኟ ቃሉን በዜማ ስትስበው «ሕ» ከጠፋች ጆሮዎ ዘንድ የሚደርሰው «ባ» ብሎ ጀምሮ «ሩ» ብሎ የሚጨርስ፣ መካከሉ የደበዘዘ ቃል ብቻ ነው። መካከሉን ጆሮ ከሚያውቀው ይሞላዋል። ያደጉት አሰብ ወይም ምጽዋ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ባሕሩን ይሰሙ ነበር፤ ያደጉት ግን አዳማ ነው፤ ያውም እዚያው ዘፈን ውስጥ ባቡር እየጮኸ። እኅቶችዎም አብረው «ባቡሩ» ስለሚሉ ማንም አላረመዎትም። በእኔ በኩል ጥፋት አላይበትም፤ የግጥሙም ነገር አልተበላሸም፤ ወዳጅን የሚወስድ ባቡርም ሆነ ባሕር ለሙግት ይበቃል። በጽሑፍ ሲያሰፍሩት ግን የገጣሚው ቃል «ባሕሩ» መሆኑን ማክበር ይገባል።

ስድስት ዓመት ያደከመዎትም ይኸው ቃል ነው፤ «ባቡሩ» ተብሎ ሲጻፍ «ባሕሩ» አይመጣም። ወደፊት የሌሎቹን ዘፈኖች ባለቤት ሲፈልጉ አንዱን ቃል በየፊደሉ ይሞክሩት፤ አንዱ «ባሕሩ»፣ ሌላው «ባህሩ» ብሎ ይጽፋል፤ ብዙ ሰውም የአማርኛውን ርዕስ በላቲን ፊደል ያሰፍራል። መተግበሪያው ያቃተው በሌላ ምክንያት ነው። ሻዛምና መሰሎቹ የሚያነጻጽሩት በአንድ ቅጂ ውስጥ ጎልተው የሚወጡትን ድምፆችና በመካከላቸው ያለውን ጊዜ ነው፤ 4 በመቶ የዘገየ ካሴት ሲሰጣቸው የድምፁም የጊዜውም አሻራ ስለሚዛባ አያውቁትም። ከዚህ በላይ ደግሞ ዘፈኑ በመዝገባቸው ውስጥ መኖር አለበት። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ማሳተም የጀመሩት ዓይነት የሸክላ ሥራ፣ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ባወጡት የኢትዮፒክስ ስብስብ አማካይነት ዓለም ዘንድ ደርሷል፤ በ1970ዎቹ የካሴት ዘመን የወጣው ግን አብዛኛው ኢንተርኔት ላይ የደረሰው ካሴቱን በሳጥን ባቆየ ግለሰብ እጅ ነው። ጉግል ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ሲያንጎራጉሩለት ዜማውን የሚፈልግ አገልግሎት ቢኖረውም እርሱም ከመዝገቡ የሌለውን አያመጣም።

ካሴትዎን ለራስዎ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ምንም ችግር የለበትም፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሰው ለግል መጠቀሚያው አንድ ቅጂ እንዲያደርግ ይፈቅዳል። ለሕዝብ መልቀቅ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የገጣሚውና የዜማ ደራሲው መብት በሕይወት ዘመናቸውና ካለፉ በኋላ ለ50 ዓመት፣ የዘፋኟና የአሳታሚውም እንዲሁ ለ50 ዓመት ስለሚጠበቅ ያለ ፈቃድ እንዳይለቁት እመክራለሁ። ዘፈኑ ኢንተርኔት ላይ አስቀድሞ መኖሩ ለእርስዎ ፈቃድ አይሆንም።

ግልበጣውን ግን አያዘግዩት። ከማጫወትዎ በፊት ሄዱን በአልኮል በተነከረ ጥጥ ይጥረጉ፤ ካሴቱን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አጠንጥነው ይመልሱ፤ ክሩን ከሄዱ ጋር የምታገናኘው ትንሽ ስፖንጅ ተነቅላ እንደሆነም ይመልከቱ። ከበላይ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች ወንድምዎ ደግመው ለመቅዳት በወረቀት ደፍነዋቸው ከሆነ ወረቀቱን ያውጡ፤ አንድ ሰው በስሕተት ቀዩን ቁልፍ ቢጫን የአርባ ዓመት ዕቃ በአንድ አፍታ ይጠፋል። ከዚያ ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በገመድ ወደ ኮምፒውተሩ ያስገቡት፤ ፍጥነቱን የሚያስተካክሉት የመጀመሪያውን እንዳለ ካስቀመጡ በኋላ በሌላ ቅጂ ላይ ይሁን።

የእኅትዎ ልጅ ድምፅ በሚያጸዳ ፕሮግራም ሲጢጥታውንና ፉጨቱን ልደምስስልሽ ቢልዎ አይፍቀዱለት። የጸዳው ዘፈን በስልክዎ ላይ አለ፤ በሩና ባቡሩ ያሉት ግን በእርስዎ ካሴት ላይ ብቻ ነው። ተመራማሪዎች እንደሚሉት አርባ ዓመት ያለፈው ሰው አብልጦ የሚያስታውሰው ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ያሳለፈውን ነው፤ ወንድምዎም ያኔ በዚሁ ዕድሜ ውስጥ እንደነበሩ እገምታለሁ። ዘፈኑን ሳይሆን ያቺን የበር ሲጢጥታ ብቻ ለይተው ያሰሟቸው፤ ዝም በሉ በተባለበት ሰዓት በሩን የከፈተው ማን እንደነበር ሊነግሩዎት ይችላሉ።