ድርጅቱ «ካደ» ወይስ «አስተባበለ»?

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ስለ አሜሪካው የስለላ ድርጅት ሲአይኤና ስለ ሴኔቱ ውዝግብ አንብበው አጭር ዜና እንዲጽፉ አዝዤ ነበር። አንዱ «ድርጅቱ የሴኔቱን ኮምፒውተሮች ሰብሮ ገብቷል መባሉን ካደ» ብሎ ጻፈ። «አስተባበለ» ብዬ ባርመው፣ «በኋላ እውነት ሆኖ ተገኝቶ የለም እንዴ? ታዲያ ለምን ካደ አይባልም?» ሲል ሞገተኝ። ሌላዋ ደግሞ «ኮሚቴው የስለላ ድርጅቱን ይከታተላል» ብላለች፤ ለምን እንደሆነ ባላውቅም ጆሮዬን ጎረበጠኝ። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ማረምዎ ተገቢ ነበር፤ የተኩት ቃል ግን እኔን ሙሉ በሙሉ አያጠግበኝም።

«ካደ» በችሎት አንድ ነው፣ ከችሎት ውጭ ሌላ። ፍርድ ቤት ተከሳሹን «የእምነት ክህደት ቃል» ይጠይቀዋል። ክዶ ተከራከረ ቢባል ዋሸ ማለት አይደለም፤ አልፈጸምኩም አለ ማለት ብቻ ነው፣ ማስረዳቱም የከሳሽ ፋንታ ይሆናል። ከችሎቱ ደጃፍ ሲወጣ ቃሉ ይከብዳል። በመንዝ ወይም በተጉለት አንድ ገበሬ ሽማግሌ ፊት ቆሞ «ብድሬን ካደኝ» ሲል፣ ገንዘቡን መስጠቱን ለክርክር አያቀርብም፤ ያለቀ ነገር አድርጎ ነው የሚናገረው። በግሱ መጨረሻ ያለችውን «ኝ» ልብ ይበሉ። የተካደው ብሩ ብቻ ሳይሆን ሰውየውም ነው። «ሽምጥጥ አድርጎ ካደ»፣ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብሎ ካደ» የምንለውም ነገሩ መደረጉን እኛ ስናውቅ፣ እሱም ማወቁን ስናውቅ ነው።

እንግዲህ «ካደ» ብሎ የሚጽፍ ጋዜጠኛ በአንድ ቃል ሁለት ፍርድ ሰጥቷል፦ ነገሩ ተፈጽሟል፣ የካደውም ሰው መፈጸሙን ያውቃል። ተማሪዎ የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን ረሳ።

ታሪኩን በቀኑ እንየው። የሴኔቱ የስለላ ጉዳዮች ኮሚቴ ሲአይኤ እስረኞችን የያዘበትንና የመረመረበትን መንገድ ሲያጠና፣ ሠራተኞቹ የሚሠሩት ድርጅቱ ባዘጋጀላቸው ቦታና የኮምፒውተር መረብ ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2014 የኮሚቴዋ ሰብሳቢ ዳያን ፋይንስታይን በሴኔቱ ተነሥተው ድርጅቱ እነዚህን ኮምፒውተሮች ፈትሿል ሲሉ ከሰሱ። ወሬው ወዲያው በጋዜጣው ሁሉ ተናኘ። በዚያው ዕለት የድርጅቱ ኃላፊ ጆን ብሬናን ተጠይቀው፣ ሲአይኤ የሴኔቱን ኮምፒውተሮች ሰብሮ ገባ መባሉ ፈጽሞ ከእውነት የራቀ ነው አሉ። በጁላይ መጨረሻ ግን የድርጅቱ የራሱ የውስጥ መርማሪ፣ ዋና ኢንስፔክተር የሚሉት፣ አምስት ሠራተኞች ያለአግባብ ወደ መረቡ መግባታቸውን አረጋገጠ፤ ብሬናንም ፋይንስታይንንና ምክትላቸውን ሳክስቢ ቻምብሊስን ይቅርታ ጠየቁ።

እዚህ ላይ የምወደው ነገር አለ። በማርች «ሐሰት» የተባለው «ሰብሮ መግባት» ነው፤ በጁላይ የታመነው «ያለአግባብ መግባት» ነው። የሕዝብ ግንኙነት ሰው ሥራውን ካወቀ፣ ነገሩን ትቶ ጠያቂው የተጠቀመበትን ቃል ይዞ ይከራከራል። በበላ ልበልሃ ያደጉ ተሟጋቾች ይህን ዘዴ ከማንም አልተማሩትም። ስለዚህ ለተማሪዎ የምሰጠው ምክር፣ የትኛው ቃል እንደተነገረና የትኛው ቃል ውድቅ እንደተደረገ ለይቶ እንዲጽፍ ነው። «ኃላፊው ‹ሰብሮ ገባ› የሚለውን ክስ አልተቀበሉም፤ ከወራት በኋላ ግን የድርጅቱ ዋና ኢንስፔክተር ሠራተኞች ያለአግባብ መግባታቸውን አረጋገጠ።» አንባቢው ክህደት ነው ብሎ ከፈረደ በራሱ ይፍረድ።

«አልተቀበሉም» ያልኩት አውቄ ነው። «አስተባበለ»ን እኔ ጠበቅ አድርጌ እይዘዋለሁ፦ የተባለውን ለማፍረስ ማስረጃ ወይም ሌላ የነገሩን አካሄድ ይዞ ለቀረበ ሰው። «ሐሰት ነው» ብሎ ብቻ ለሄደ «አልተቀበለውም» ይበቃዋል። ጋዜጦቻችን ሁለቱን አይለዩም፤ እኔም የሰዋስው ሕግ ነው አልልዎትም፤ ይህ የእኔ ምርጫ ነው። ሆኖም ብንለያቸው አንባቢ ባዶ ቃልና መልስ ያለው ቃል ሳይቀላቀልበት ያነባል።

ሦስተኛ መልስም አለ፤ ተማሪዎችዎ ይወዱታል። ሲአይኤ በፓስፊክ ውቅያኖስ ሰጥማ የነበረችን የሶቪየት ሰርጓጅ መርከብ እ.ኤ.አ. በ1974 ግሎማር ኤክስፕሎረር በምትባል መርከብ በድብቅ ለማውጣት ሞከረ። ጋዜጦች ደረሱበት፤ የወቅቱ ኃላፊ ዊልያም ኮልቢ ዜናውን እንዲያዘገዩ አዘጋጆችን ለመኗቸው። በ1975 ጉዳዩ ከወጣ በኋላ አንዲት ጋዜጠኛ ድርጅቱ ከጋዜጦች ጋር የተነጋገረባቸውን ሰነዶች ብትጠይቅ፣ እንዲህ ያለ ሰነድ መኖሩን ማረጋገጥም ማስተባበልም አንችልም ተባለች። ድርጅቱ በጁን 2014፣ ያ ሁሉ ጭቅጭቅ ገና ሳይበርድ፣ ትዊተር ላይ በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት በዚሁ ቃል ቀልዷል። በአማርኛ ስንጽፈው «አላረጋገጠምም አላስተባበለምም» የሚለው ምላስ ያሰናክላል፤ «ማረጋገጥም ማስተባበልም አልችልም አለ» ይሁን። «አልፈለገም» ግን አይበሉ፤ «አልችልም» ያለው ድርጅቱ ነው፣ ፈቃዱን እኛ አናውቅም። ከሁሉ የከፋው ይህንኑ ይዞ በርእስ ላይ «አስተባበለ» ማለት ነው።

የልጅቷ «ይከታተላል» የጎረበጠዎት ባለቤቱ ስለተገለበጠ ነው። በአማርኛ ዜና ክትትል የሚያደርግ ፖሊስ ወይም ደህንነት ነው፤ «ክትትል ሲደረግበት ቆይቶ ተያዘ» ይባላል። የምክር ቤት ሥራ ከሆነ «ይቆጣጠራል» ይሻላል፤ ሲዘረዘርም የእኛው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 ባለሥልጣናትን ለጥያቄ ስለመጥራትና የአስፈጻሚውን አሠራር ስለመመርመር የሚናገርበት አነጋገር ጥሩ አብነት ነው። «ኮሚቴው ኃላፊውን ለጥያቄ ጠራ»፣ «አሠራሩን መረመረ» ብትል ዓረፍተ ነገሯ ይቃናል። «ቁጥጥር» የሚለውን ስም ስትጠቀም ግን ትጠንቀቅ፤ «የስለላ ድርጅቱ በምክር ቤቱ ቁጥጥር ሥር ነው» ብትል ደብረ ብርሃን ላይ የሚያነበው ሰው ኃላፊዎቹ የታሰሩ ይመስለዋል። «የቁጥጥር ሥልጣን» ትበል፤ «በቁጥጥር ሥር ዋለ»ን ለፖሊስ ዜና ትተውለት።