አራት ፊርማና ያልመጣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን በሚገኝ ትልቅ ፋብሪካ በማሽን ኦፕሬተርነት ስሠራ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። መሃል ሜዳ ያሉ ወላጆቼን በኅዳር አጨዳ ላግዝ ብዬ የዓመት ፈቃድ ስጠይቅ ወረቀቱ አራት ሰው ዘንድ ይዞራል። የትርፍ ሰዓት ክፍያዬም «ተመርቷል» እየተባለ ሳይመጣ ሁለት ወር አለፈው። አንድ አነስተኛ የብረታ ብረት ድርጅት 1,500 ብር ጨምሮ ሊቀጥረኝ ፈልጓል። ልልቀቅ ወይስ ልቆይ?

መልስ፦ ቢለቁም ቢቆዩም መጀመሪያ የትርፍ ሰዓቱን ክፍያ ያስከብሩ፤ ይርጋ አለበትና። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ይህን መሰል የክፍያ ጥያቄ ገንዘቡ መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። በቃል የሚነገር «ተመርቷል» ጊዜውን አያቆመውም።

ሒሳቡን ራስዎ ይሥሩ። በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠራ ሰው የወር ደመወዙን ለ208 ሲያካፍል የሰዓቱን ያገኛል፤ 8,320 ብር ለሚከፈለው 40 ብር ይሆናል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በ1.5 ይባዛል፤ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ያለው በ1.75፣ የሳምንት ዕረፍት በ2፣ የሕዝብ በዓል በ2.5።

ከዚያ ቀኑንና ሰዓቱን ዘርዝረው፣ የፈረቃ ኃላፊው የፈረመበትን ትእዛዝ አያይዘው ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ይጻፉ። አንዱን መዝገብ ቤት ያስገቡ፤ እጅዎ የሚቀረው ላይ ቀንና የገቢ ቁጥር ያስጽፉ። ቁጥር የሌለው ማመልከቻ «አልደረሰንም» ሲባል መከራከሪያ የለውም። ብዙ ጊዜ ጉዳዩ የሚታሰረው የሰዓት መዝገቡ ሳይፈረም ሲቀር ወይም የደመወዝ ዝርዝር ከተዘጋ በኋላ ፋይናንስ ሲደርስ ነው። ስለዚህ «መቼ ይከፈለኛል?» ከማለት «በየትኛው ቀንና ቁጥር፣ ለማን ተመራ?» ብለው ይጠይቁ።

የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ለኅዳር የሚፈልጉትን መስከረም ላይ ያመልክቱ። ከአራቱ ፈራሚዎች አንዱ አዲስ አበባ ለስብሰባ ሲሄድ ውክልናው ማን ዘንድ እንደሆነ ቀድመው ይወቁ፤ ፈቃድ የሚያዘገየው በአብዛኛው የእርሱ ባዶ ወንበር ነው።

ስለ አዲሱ ሥራ፦ በእኛ አስተያየት ለ1,500 ብር ብቻ ብለው አይልቀቁ። ጡረታ (ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ) ይከፍላል ወይ? ውሉ በጽሑፍ ነው ወይ? እንደገና እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ሊኖርብዎት ይችላል፤ ፈቃድዎም ከ16 ይጀምራል። ትልቁ ፋብሪካ ቢያንቀራፍፍም የውስጥ ዕድገት ማስታወቂያ፣ ሥልጠናና ብዙ ጊዜም የኅብረት ስምምነት አለው። አነስተኛው ድርጅት ብየዳና ቶርኖ በእጅዎ የሚያስለምድዎ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያ ሙያ ከጭማሪው ይበልጣል።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ሥራ ስለቅ ክሊራንስ (ዕዳም ሆነ ያልመለስኩት ንብረት እንደሌለብኝ የሚያረጋግጥ ወረቀት) እስካልጨረስኩ ድረስ የመጨረሻ ክፍያዬ ሊያዝ ይችላል?

መልስ፦ ውሉ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት፤ መዘግየቱ የሚፈቀደው እርስዎ የተረከቡትን ንብረት ወይም ሒሳብ ሳይመልሱ ሲቀሩ ነው። ስለዚህ ክሊራንሱን ለመልቀቅ ቀድመው በሚሰጡት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ጊዜ ውስጥ፣ ከንብረት ክፍል ይጀምሩ። ለመለሱት ዕቃ ሁሉ ደረሰኝ ይቀበሉ፤ የሥራ ልምድ ማስረጃዎንም በዚያው ሰሞን በጽሑፍ ይጠይቁ።